በሌለበት የተፈረደበት ሰው

ፍርድ ቤት አንደኛው ተከራካሪ ሳይቀርብ የሚሰጠው ውሳኔ ወይም ትእዛዝ በሕግ ቋንቋ «በሌለበት የተሰጠ» ይባላል። እንዲህ ያለው ውሳኔ እንደማንኛውም ፍርድ ማኅተም ያርፍበታል፣ ይፈጸማል፣ ቤት በሐራጅ ያሸጣል፣ ደመወዝ ያስከብራል። ይሁንና ሌላው ፍርድ የሌለው አንድ ጠባይ አለው። የተፈረደበት ሰው በይግባኝ ወደ በላይ ፍርድ ቤት ሳይወጣ፣ ወደ ፈረደበት ችሎት ራሱ ተመልሶ «ይነሳልኝ» ሊል ይችላል። ችሎቱም «ሕጉን ስቻለሁ» ወይም «ማስረጃውን አዛብቻለሁ» ሳይል የገዛ ቃሉን ያነሳል። ነገሩ እንግዳ ነው። ፍርድ የሚከበረው አንዴ ከተነገረ ስለማይታጠፍ ከሆነ፣ የተናገረው ዳኛ ራሱ የሚያጥፈው ፍርድ ምን ዓይነት ፍርድ ነው? ጥያቄው የሥነ ሥርዓት ሕግ ተማሪዎች ብቻ አይደለም፤ የሃይማኖት መጻሕፍትና ፈላስፎች ከጠበቆች ቀድመው ደርሰውበታል።

የእንዲህ ዓይነቱን ፍርድ ሙሉ ታሪክ ከነአቤቱታው የያዘው መጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ ነው። ንጉሥ ዳዊት ልጁ አቤሴሎም ዐምፆበት ከኢየሩሳሌም ሲሸሽ፣ የሳኦል ቤት አገልጋይ የነበረው ሲባ ስንቅ የጫኑ አህዮች ይዞ መንገድ ላይ ጠበቀው። ዳዊት የሲባን ጌታ፣ የሳኦልን የልጅ ልጅ ሜምፊቦስቴን የት እንዳለ ጠየቀ። ሲባም ጌታው የአያቱ መንግሥት ዛሬ ይመለስልኛል ብሎ በከተማው እንደቀረ ነገረው። ንጉሡ ሌላ ቃል አልሰማም፤ ምስክር አልጠራም፤ የሜምፊቦስቴን ንብረት ሁሉ እዚያው መንገድ ላይ ለሲባ ሰጠ። ሰውየው በድካም፣ በኀዘንና በሽሽት ላይ ነበር፤ ፊቱ የቆመውም ስንቅ ያመጣለት ሰው ነው። በሌለበት የሚሰጥ ትእዛዝ ብዙውን ጊዜ የሚወለደው ከእንዲህ ዓይነት ጥድፊያ ነው።

ዐመፁ ከሸፈ በኋላ ሜምፊቦስቴ መጣ። ሁለት እግሮቹ ሽባ ነበሩ። ንጉሡ ከሄደበት ቀን ጀምሮ ጢሙን አልተቆረጠም፣ ልብሱንም አላጠበም። ለምን አብሮት እንዳልወጣ ሲጠየቅ፣ አህያ አስጭኖ ሊከተለው ቆርጦ እንደነበር፣ አገልጋዩ ግን እንዳታለለውና ስሙን በንጉሡ ዘንድ እንዳጠፋ ተናገረ። የዘመናችን የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ይህን ቃል ቢቀበል በአንድ ገጽ አቤቱታ ሊያሰፍረው ይችላል፤ ያልቀረቡበት ምክንያት፣ የሐሰት ክስ፣ ማስረጃ ሆኖ የቀረበ ያደገ ጢም። ዳዊት ግን ትእዛዙን አላነሳም፤ አላጸናምም። ነገሩን አሳጥሮ እርሻውን ከሲባ ጋር እንዲካፈሉ አዘዘ።

የዚህ እኩሌታ ፍርድ ችግር ልግስናው ላይ አይደለም። ሜምፊቦስቴ እውነት ከተናገረ ግማሹ መሬት በፍርድ የተቀማ ነው፤ ሲባ እውነት ከተናገረ ደግሞ ግማሹ ለከዳተኛ የተሰጠ ሽልማት ነው። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ሁለቱን ፊት ለፊት አቁሞ በመስማት ብቻ ነበር። ሲባም ሩቅ አልነበረም፤ ንጉሡን ሊቀበል ከልጆቹና ከአገልጋዮቹ ጋር ዮርዳኖስ ድረስ ወርዷል። በአይሁድ የሕግና የትርጓሜ መጽሐፍ በታልሙድ ውስጥ ራብ የተባለው መምህር በዚህ ፍርድ ላይ ከባድ ቃል ሰንዝሯል፤ ዳዊት «ተካፈሉ» ባለ ጊዜ መንግሥቱን ሮብዓምና ኢዮርብዓም እንደሚካፈሉት ከሰማይ ድምፅ ተሰማ ይላል። እንደ ራብ ንባብ የአንድ አገር ለሁለት መከፈል መነሻው ሳይሰማ የተሰጠ፣ ከተሰማም በኋላ በሙሉ ያልተነሳ ትእዛዝ ነው።

ያልቀረበውን ሰው መስማት ለምን ያስፈልጋል? የመጀመሪያው መልስ ቀላል ነው፤ አንድ ወገን ብቻ ከተሰማ ዳኛው ይሳሳታል። መልሱ ትክክል ነው፤ ግን አይበቃም። በኦሪት ዘፍጥረት አዳም ዕፀ በለስን በልቶ ሲደበቅ ፈጣሪ ወዴት እንዳለ ይጠይቀዋል፤ ከዚያም ስለ ዕርቃኑ፣ ስለ ፍሬው፣ ሔዋንንም ስላደረገችው ይጠይቃል። መተርጉማን እንደሚሉት ጥያቄው ካለማወቅ የመጣ አይደለም። ሁሉን የሚያውቅ ዳኛ ቃል ከመቀበሉ በፊት ካልፈረደ፣ መስማት እውነትን ከመፈለግ ሌላ ምክንያት አለው ማለት ነው። እባብ ግን አልተጠየቀም፤ በቀጥታ ተረገመ። መልስ ይሰጥ ዘንድ የሚጠየቀው እንደ ተጠያቂ የተቆጠረ ፍጡር ብቻ መሆኑን ታሪኩ በዝምታ ያሳያል።

ይህ ንባብ እስከ እንግሊዝ ችሎት ተጉዟል። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ሪቻርድ ቤንትሊን ሳይሰማ ማዕረጉን በገፈፈው ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1723 ጉዳዩን ካዩት ዳኞች አንዱ የነበሩት ፎርቴስኪው እግዚአብሔር እንኳ በአዳም ላይ የመከላከያ ቃሉን ሳይቀበል እንዳልፈረደ አስታወሱ፤ ፍርድ ቤቱም ማዕረጉ እንዲመለስ አዘዘ። ሮማዊው ፈላስፋ ሴኔካ ከዚህ በፊት በአንደኛው ክፍለ ዘመን በጻፈው «ሜዲያ» ትያትር ውስጥ ሐሳቡን ከሁሉ በሰላ መልክ አስቀምጦታል፤ ሌላውን ወገን ሳይሰማ የፈረደ ሰው ፍርዱ ትክክል ቢሆን እንኳ እሱ ራሱ ትክክለኛ አይደለም። ሁለት ነገሮች እዚህ ላይ ተለይተዋል፤ የፍርዱ ይዘትና የፈራጁ አድራጎት። ገበሬው ያልለካውን እህል ገምቶ ልክ ቢሆንለት ግምቱ መስፈሪያ አይሆንም።

ሐዋርያት ሥራ እንደሚተርከው ሮማዊው ገዢ ፊስጦስ ጳውሎስን ሳይሰማ አሳልፎ ለመስጠት እምቢ ሲል የሮማውያንን ልማድ ጠቅሷል፤ በዮሐንስ ወንጌልም ኒቆዲሞስ በሸንጎ መካከል ያነሳው ይህንኑ ጥያቄ ነው። በቁርኣን ሷድ ምዕራፍ ያለው የዳውድ ታሪክ ግን ነገሩን ይበልጥ ያጠልቀዋል። ሁለት ባለጉዳዮች ግንብ ዘለው ይገቡበታል፤ አንዱ ዘጠና ዘጠኝ በጎች ያሉት ወንድሙ የእርሱን አንዲት በግ እንደጠየቀው ይናገራል፤ ዳውድ ወዲያው በደል ነው ይላል፤ ከዚያም መፈተኑን ተረድቶ ምሕረት ይለምናል። ከተፍሲር (የቁርኣን ትርጓሜ) ሊቃውንት አንዳንዶቹ ጥፋቱ ሁለተኛውን ሳይሰማ መፍረዱ ነው ይላሉ። ልብ መባል ያለበት፣ ያኛው ባለጉዳይ እዚያው ቆሞ ነበር። ስለዚህ መቅረት የአካል ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በችሎት ቆሞም «ያልቀረበ» ሰው አለ።

በኢትዮጵያ የቀድሞ ሙግት መቅረት ራሱ አስቸጋሪ እንዲሆን ተደርጎ ነበር። ከሳሽ ተከሳሹን ያገኘበት ቦታ «በሕግ አምላክ» ካለው መሄድ አይችልም፤ ቆሞ ዋስ መጥራት አለበት። የሁለቱ ነጠላ ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ ወደ ዳኛ የሚሄዱበት፣ ባለዕዳና ባለገንዘብም በሰንሰለት የሚተሳሰሩበት ሥርዓት ቁራኛ ይባል ነበር። ቃሉ ዛሬም «በዓይነ ቁራኛ» እና «የአልጋ ቁራኛ» በሚሉት አነጋገሮች ውስጥ ይኖራል። ሥርዓቱ ለባለዕዳው ውርደት ነበረበት፣ ለከሳሹም ሸክም፤ የታሰረ ሰው የሚያስረውንም ያስራልና። በአንድ ነገር ግን ከዘመናዊው ይሻላል፤ በላ ልበልሃ በሚባለው በዚያ የቀድሞ ሙግት ተቃራኒ የሌለው ክርክር አይታሰብም ነበር።

ቁራኛን የተካው መጥሪያ ነው። ሰው ሰውን ማሰሩ ቀርቶ ወረቀት ቀኑን ይነግረዋል፤ መምጣት አለመምጣቱም የራሱ ምርጫ ይሆናል። በሌለበት የሚሰጥ ውሳኔ በሙሉ ትርጉሙ የተወለደው ከዚህ ነፃነት ነው። ፍልስፍናዊ ጥያቄውም ተቀየረ፤ ድሮ «ሰውየው አለ ወይ?» ነበር፣ አሁን «ተጠርቷል ወይ?» ሆነ። ወረቀት ደግሞ ይጠፋል፣ በጎረቤት እጅ ይቀራል፣ ከአገር ለወጣ ሰው በቀድሞ ቤቱ በር ላይ ይለጠፋል፣ ማንም በማያገላብጠው የጋዜጣ ገጽ ይታተማል።

በሌለ ሰው ላይ ጨርሶ አለመፍረድ መፍትሔ ሊመስል ይችላል። ከእስልምና የሕግ ትምህርት ቤቶች (መዝሃቦች) አንዱ የሆነው ሐነፊ በመሠረቱ ወደዚህ ያዘነበለ ነው፤ ነቢዩ ሙሐመድ ዓሊን ወደ የመን ሲልኩት የሁለተኛውን ቃል ሳይሰማ ለመጀመሪያው እንዳይፈርድ ያዘዙበትን ሐዲስ ይጠቅሳል። የሌሎቹ መዝሃቦች ተከታዮች፣ ሻፊዒዮች፣ ማሊኪዮችና ሐንበሊዮች በቅድመ ሁኔታ ይፈቅዳሉ፤ ከማስረጃቸው አንዱ የአቡ ሱፍያን ሚስት ሂንድ ባሏ በበቂ እንደማይሰጣት ስትናገር፣ እሱ በሌለበት ለእሷና ለልጆቿ የሚበቃውን በአግባቡ እንድትወስድ መፈቀዱ ነው። ሐነፊዎች ያ ፈትዋ (ለጥያቄ የተሰጠ የሃይማኖት ሕግ መልስ) እንጂ ፍርድ አልነበረም ብለው ይመልሳሉ። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም፤ ፈትዋ ጥያቄው እውነት ከሆነ መልሱ ይህ ነው ይላል፣ ፍርድ ግን ጥያቄውን እውነት ያደርገዋል።

ታልሙድ ዳኛ ባላጋራው በሌለበት የአንዱን ቃል እንዳይሰማ ይከለክላል፤ በነፍስ ጉዳይም ሰው በሌለበት አይፈረድበትም። በገንዘብ ግን ሌላው መምህር ራብ ናሕማን ባለዕዳው ባይኖርም ከንብረቱ እንዲከፈል ፈቅዷል። ምክንያቱ ሰው የባልንጀራውን ገንዘብ ወስዶ ባሕር ማዶ እንዳይቀመጥ፣ አበዳሪዎችም ፈርተው በራቸውን በተበዳሪ ላይ እንዳይዘጉ ነው። ይህ በርኅራኄ የተጠቀለለ የንግድ ማስተዋል ነው፤ የሌለውን ሰው አብዝቶ መጠበቅ ነገ ብድር የሚፈልገውን ድሃ ይጎዳል። የሚቀበለው ወገን ግን መማል ነበረበት። ያልተሰማው ሰው ቃል በመሐላ ተተካ።

እነዚህ ሁሉ ሲደመሩ አንድ ነገር ይወጣል። በሌለበት የሚሰጥ ፍርድ አስፈላጊ ነው፤ ግን በራሱ እግር አይቆምም። የሚቆመው በሩ ስላልተዘጋ ነው። «ይነሳልኝ» የማለት መብት ለዘገየ ሰው የሚደረግ ቸርነት ሳይሆን፣ ፍርዱ ገና ከመጀመሪያው በሕጋዊነት የሚሰጥበት ምክንያት ነው። ዳኛው ሌላውን ሳይሰማ ብዕሩን ለማንሳት የሚደፍረው፣ ያልተሰማው ሰው በበቂ ምክንያት ቢመጣ እንደሚሰማው ስለሚያውቅ ነው።

የ1958 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ይህን በር በቁጥር 78 ከፍቶታል። ሕጉ ከሕንድ የ1908 እ.ኤ.አ. ሕግ ብዙ የወሰደ ነው። ተከሳሹ ውሳኔውን ባወቀ በአንድ ወር ውስጥ ለዚያው ፍርድ ቤት ያመለክታል፤ መጥሪያው በአግባቡ እንዳልደረሰው ወይም በበቂ ምክንያት መቅረብ እንዳልቻለ ካስረዳ ውሳኔው ይነሳል፣ ክርክሩም ይቀጥላል። ወሩ የሚቆጠረው ውሳኔው ከተሰጠበት ቀን ሳይሆን ከታወቀበት ቀን ነው። ፍርዱ ለከሳሹ በተነበበበት ቀን ይጀምራል፤ ለተከሳሹ ግን በጆሮው በገባበት ቀን። ፍርድ ቤቱ ወጪና ኪሣራ ሊያስከፍል ይችላል። ሌላኛው ወገን ሳይጠራም ውሳኔው አይነሳም፤ ባልተሰማ ሰው ላይ የተደረገን ስሕተት ሌላውን ባለመስማት ማረም ሁለተኛ ሜምፊቦስቴ መፍጠር ነውና።

«በቂ ምክንያት» የሚለው ሐረግ ሆን ተብሎ ሰፊ ተደርጓል። እውነተኛ የአልጋ ቁራኛ፣ በጎርፍ የተቆረጠ መንገድ፣ ኀዘን፣ እስር ይገቡበታል። «ጠበቃዬ ቀኑን ረሳው» የሚለው ከባዱ ነው። ወኪል እንደራስ ከተቆጠረ የወኪል ቸልታ የራስ ቸልታ ነው፤ የሰው መሰማት መብት ግን በሌላ ሰው ማስታወሻ ደብተር ላይ ይንጠልጠል ማለትም ይከብዳል። ሕጉ ይህን በዝርዝር ሳይደነግግ ለዳኛው ኅሊና መተዉ ጥበብ ይመስላል።

ዝምታ አንዳንድ ጊዜ እንደ ንግግር ይቆጠራል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ማጠናከሪያ አዋጅ ቁጥር 188 የፍርድ ቤቶቹን ሥልጣን በተከራካሪዎች ፈቃድ ላይ መሥርቷል፤ መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበ ተከሳሽ ግን እንደ ፈቀደ ይቆጠራል። እዚህ ላይ መቅረት ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ዳኛውን ይሾማል፣ ደግሞም ክርክሩን ያስነጥቃል። ሐነፊ ሊቅ ቢጠየቅ በዚህ ዓይነት ፈቃድ መደነቁ አይቀርም።

በእንግሊዝ አገር ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይነሳል፤ «ብትሰማ ኖሮ ምን ትል ነበር?» የጌቶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1937 በወሰነው የኢቫንስና የባርትላም ጉዳይ ሎርድ አትኪን፣ ፍርድ ቤት በጉዳዩ ፍሬ ነገር ወይም በስምምነት ካልፈረደ በቀር በሥርዓት ጉድለት ብቻ የተገኘውን ውሳኔ የማንሳት ሥልጣን እንደማይለየው አስረድተዋል። ይሁን እንጂ አመልካቹ የሚረባ መከላከያ ማሳየት ይጠበቅበታል። ምክንያቱ ይገባል፤ ምንም የሚለው ለሌለው ሰው መዝገብ ማንቀሳቀስ የሁሉንም ጊዜ ማባከን ነው። ነገር ግን ጥንቃቄ ያሻዋል። መስማት ውጤቱን አይቀይርም ብሎ ሳይሰሙ መወሰን፣ በሌለበት ሁለተኛ ጊዜ መፍረድ ነው። ሌላው እንግሊዛዊ ዳኛ ሜጋሪ፣ አልቆላቸዋል የተባሉ ስንት ጉዳዮች ሲሰሙ ሌላ ሆነው እንደተገኙ ጽፈዋል። የኢትዮጵያው ድንጋጌ የቀረበትን ምክንያት እንጂ የማሸነፍ ተስፋውን አለመጠየቁ ለመርሁ የቀረበ ነው።

በወንጀል ሚዛኑ ይከብዳል። የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በሌለበት መዳኘትን የሚፈቅደው በዋናነት አሥራ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ለሚያስቀጡ ወንጀሎች ነው። የተፈረደበትም ፍርዱን ባወቀ በሠላሳ ቀን ውስጥ፣ መጥሪያ እንዳልደረሰው ወይም ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት እንዳልቀረበ ካስረዳ ይነሳለታል። ከፍትሐ ብሔሩ «በቂ ምክንያት» ጋር ሲተያይ ያስገርማል፤ ገንዘቡ ለሚወሰድበት ሰው የተከፈተው በር ነፍሱ ለሚፈረድበት ከተከፈተው ይሰፋል። ምናልባት ሕግ አውጪው በአእምሮው የሳለው ያልደረሰውን ሳይሆን የሸሸውን ነበር። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1985 በጣሊያን ላይ በወሰነው የኮሎዛ ጉዳይ፣ ሳያውቅ የተፈረደበት ሰው ካወቀ በኋላ ነገሩን ከሥሩ እንደገና የሚያይለት ፍርድ ቤት ማግኘት እንዳለበት አስፍሯል።

የሸሸው ሰው ጉዳይ ሌላ ነው። የቀድሞው የኢትዮጵያ መሪ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በግንቦት 1983 ዓ.ም. ወደ ዚምባብዌ ከሄዱ በኋላ በሌሉበት ተከሰው በ1999 ዓ.ም. የዕድሜ ልክ እስራት፣ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ በይግባኝ የሞት ፍርድ ተፈርዶባቸዋል። መጠራታቸውን አላወቁም የሚል የለም። እንዲህ ያለው መቅረት ራሱ አቋም ነው፤ በችሎቱ ፊት ላለመቆም የተሰጠ መልስ። በር የሚዘጋበት አግባብ ካለ እዚህ ነው። የኑረምበርግ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1946 በናዚ ባለሥልጣኑ በማርቲን ቦርማን ላይ በሌለበት ሞት ሲፈርድ ግን ሰውየው ከሸሸው ሁሉ በላይ ሸሽቶ ነበር፤ ተከላካይ ጠበቃው ሞቷል ሲሉ ቆይተዋል፣ እ.ኤ.አ. በ1972 የተገኘው አፅምም እ.ኤ.አ. በ1998 በዘረ መል ምርመራ የእሱ መሆኑ ተረጋግጧል። ፍርድ ቤቱ የፈረደው ከሞተ ከአንድ ዓመት በላይ በሆነው ሰው ላይ ነበር ማለት ነው።

ከዚህ የሚብሰው የሮማው ሊቀ ጳጳስ ፎርሞሱስ ነው። በ897 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከተተኪዎቹ አንዱ የሆነው እስጢፋኖስ ስድስተኛ አስከሬኑን ከመቃብር አውጥቶ፣ ልብሰ ተክህኖ አልብሶ ዙፋን ላይ አስቀመጠው፤ አንድ ዲያቆንም ስለ እሱ እንዲመልስ ቆመ። ተፈረደበት፤ ወደ ቲበር ወንዝም ተጣለ። ተከሳሹ በአካል ቀርቧል፣ ተጠይቋል፣ ተወክሏል፤ ሥርዓቱ በሙሉ ተሟልቷል፤ የጎደለው ተከሳሹ ብቻ ነበር። ዳግማዊ ቴዎድሮስ የተባሉት ሊቀ ጳጳስ በዚያው ዓመት ፍርዱን አነሱ፣ ዮሐንስ ዘጠነኛም ሙታን እንዳይዳኙ ከለከሉ፤ በኋላ ሰርጊዮስ ሦስተኛ ፍርዱን ወደ ቦታው መለሰ።

በክርስትናም ሆነ በእስልምና የመጨረሻው ቀን ፍርድ ሲሣል የቀረ ሰው የለበትም። በማቴዎስ ወንጌል በግራ የቆሙት እንኳ መቼ ተርበህ አየንህ ብለው ይጠይቃሉ፤ በቁርኣንም ያን ቀን እያንዳንዷ ነፍስ ስለ ራሷ ትከራከራለች። የምድር ዳኛ ሁሉንም መሰብሰብ ስለማይችል ነው የማንሳት ሥልጣን የተሰጠው፤ የሰማዩ ይህ አያስፈልገውም።

በምድር ያለው ማንሳት ግን ወደ ኋላ የሚደርሰው በከፊል ነው። ውሳኔው ሲነሳ ክርክሩ ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ የተከፈለ ገንዘብም ሊጠየቅ ይችላል። በሐራጅ የተሸጠው ቤት ግን በቅን ልቦና የገዛ ሦስተኛ ሰው ገብቶበታል፤ እሱም በክርክሩ አልነበረም፣ አልተጠራምም። ያልተሰማውን ለመካስ እሱን ሳይሰሙ ማስወጣት ያንኑ በደል ወደ ሌላ በር ማዞር ነው። ስለዚህ ጥንቁቅ ዳኛ የማንሻ አቤቱታ ሲቀርብለት አስቀድሞ አፈጻጸሙን ያግዳል። ሜምፊቦስቴ ግማሹ እርሻ በተመለሰለት ጊዜ፣ ንጉሡ በደኅና ከገባ ሲባ ሁሉንም ይውሰደው ብሎ ተወው።